የጳጉሜ መቀስ

ነሐሴ ሊያልቅ ነው፤ ሰማዩ አምሽቶ፣
እንደ ደከመው ሰው ያንጠባጥባል ቆይቶ።
ማለዳ በሩን ከፍቼ ወደ ጓሮ ስወርድ፣
ቦቲዬን ያዝ ለቀቅ ያደርገዋል መንገድ።

ጣና ሦስት መደብ ወስዶብኛል ዘንድሮ፣
የቃሪያውን፣ የቀይ ሥሩን፣ የሽንኩርቱን አጥሮ።
አልከሰውም፤ እንተዋወቃለን ከድሮም፣
ኅዳር ላይ ይመልሳል፣ ደለል ወለድ ጨምሮም።

እስከዚያው ሥራ ሞልቷል። መጀመሪያ ቦዩ፤
ሳር ቅጠሉ ደፍኖት ጠፍቷል መለያዩ።
በዶማ አፉን ከፍቼ፣ በጣቴ እጨርሳለሁ፣
ውኃው ጉሮሮውን ሲጠርግ እሰማለሁ።

ቀጥሎ አረም ነው። ሰርዶውን ነቀልኩት፣
ሙጃውን ከነሥሩ አጥር ላይ ሰቀልኩት።
ከበሩ ጥግ ብቻ አንዲት ቀጭን ቅጠል፣
ጣቴ ሥር ደርሳ አለፈች ሳትነቀል፤
አደይ ናት። እስከ መስከረም ጥባት አረም ናት፣
ከዚያ ወዲያ ግን አገር የሚዘፍንላት።

በእንቦጩ ነገር ከእንየው ጋር አልተስማማንም፤
"ጠላት ጓሮ አይቀበርም" ይላል፤ እኔ አልሰማም።
ከሐይቁ ዳር በጋሪ አስጎትቼ አምጥቼ፣
ፀሐይ ባገኘሁ ቁጥር ድንጋይ ላይ አስጥቼ፣
አመድና የበግ ፍግ እየደረብኩበት፣
"ጣናን ያነቅህ፣ ጎመን አብላ!" ብዬ ፈረድኩበት።

ትናንት ሌሊት ጉማሬ አጥሩን ገፍቶ ገብቶ፣
የዱባውን ሐረግ ከነአበባው በልቶ፣
ዱካው ውኃ አቁሮ፣ አራት አራት ጣት፣
እንቁራሪት አየሁ ጠዋት ስትዋኝበት።
እንየው "ቆርቆሮ ምታ፣ ጥሩምባ ንፋ" ይላል፤
እኔ አጥሩን ጠገንኩ። የራበው ሌላ በር ያውቃል።
ሦስት የባሕር ዛፍ ችካል፣ ጥቂት ሽቦ፣
ሁለት ቀን ሙሉ የወገብ ሕመም።

ማታ ማታ ዘር መልቀም፤ የዱባ፣ የቲማቲም፣
አመድ በተነሰነሰ ጋዜጣ ላይ አይሻግትም።
ከመደርደሪያው አወረድኩ የከረሜላ ቆርቆሮ፣
የስንቅነሽ ጽሕፈት አለበት፦ "ቃሪያ፣ የዘንድሮ"።
ያ "ዘንድሮ" አራት ዓመቱ ነው። ዘሩ በቅሎ አልቋል፣
ቆርቆሮው ግን ዛሬም "የዘንድሮ ነኝ" ይላል።
ውኃው ሳይደርስ የለቀምኩትን አዲስ ዘር ሞላሁበት፤
ቃሉ እውነት ሆነለት፣ ጽሕፈቷን ሳልነካበት።

የቀረኝ ዘይቱኑ ነው።
በሕይወት ሳለች ቅርንጫፉን አታስነካም፤
"ወፍ ምን ትብላ?" ትለኛለች። ከሄደች ወዲህም
አንድ ዓመት እጄን አመመኝ፣ አንድ ዓመት መቀሱ ዛገ፣
አንድ ዓመት ዝም ብዬ ተውኩት።
ጥላው ግን ሰፋ። ከሥሩ ያለው መደብ
ሙዝ እንኳ አላበቅል አለ።

ጳጉሜ ሦስት፣ ሩፋኤል። የሰፈሩ ልጆች
ራቁታቸውን ዝናቡ ውስጥ ይጮኻሉ።
እኔ መሰላል ላይ ነኝ፤
ጸበሉ ከባርኔጣዬ ወርዶ አንገቴ ገባብኝ።
እታለማሁ ከታች "አባባ፣ ይውረዱ" ትላለች፣
መሰላሉን በሁለት እጇ፣ በግንባሯም ይዛለች።

አንዱን ቆረጥኩ፤ ደረቅ ነው። ሁለተኛው እርጥብ፤
ነጭ ሆዱን አሳየኝ።
ሦስተኛው ላይ መቀሱ ቆመ።
ጎጆ ነበር፣ የዓምና፣ ባዶ። ከሣሩ መሐል ሰማያዊ ክር፤
ያ እኔ ከፋብሪካ በኪሴ የማመጣው፣
እሷ ቲማቲሙን ከእንጨት ጋር የምታስርበት።
ወፏ ፈትታ ወስዳዋለች፤ ቋጠሮው ግን
የስንቅነሽ ነው፤ ሁለት ጊዜ ዞሮ፣ ወደ ግራ።

ያንን ተውኩት።
ሌላው ሁሉ ወረደ።

ስወርድ መደቡ ላይ ብርሃን ተኝቷል፣
ቦታው የማን እንደሆነ ያልጠየቀ፣
እርጥብ፣ ጠፍጣፋ፣ የአንድ ሰው ቁመት ያህል።
እታለማሁ ፊቷን በእጅጌዋ ትጠርጋለች፤
"አሁንስ ምን ቀረ?"

ጳጉሜ ሁለት ቀን ቀርቷታል፤
ቆርቆሮውን ከመስኮቱ አምጪልኝ፣
ዶማውንም አቀብይኝ።