ሰጥቶ የሰጠመ

መስኮቱ ተዘግቶ፣ በሩ ተቀርቅሮ፣
መጋረጃው ብቻ፣ ነፍስ እንዳለው ፍጥረት፣
ያብጣል፣ ይሟሽሻል፣ ያብጣል ዞሮ ዞሮ።
ሐመርፌስት ስገባ፣ በመጀመሪያው ሌሊት፣
ይህን አይቼ ነው እንቅልፍ ያጣሁት።
«የቤቱ ቆሌ ነው» ብዬ አማተብኩኝ፤
ከእኔ በፊት እዚህ ያደረ አንድ እንግዳ
አልጋውን ሊያስመልስ የመጣ መሰለኝ።

ጠዋት ለኦድቫር ነገርኩት። ሳቀብኝ።
ከትራሴ ስፌት አንድ ላባ መዘዘ፤
ከመስኮቱ በታች፣ ከማሞቂያው ብረት
አናት ላይ ለቀቃት።

ላባዋ ቀና አለች፤
መስተዋቱን ታካ ሽቅብ ተሳበች፣
ጣራው ጋ ስትደርስ ወደ ውስጥ ታጠፈች፣
ከክፍሉ መካከል ጥቂት ተንሳፈፈች፣
በማዶው ግድግዳ ቁልቁል ተንሸራተተች፣
ወለል ለወለሉን እየተጎተተች
ከብረቱ እግር ሥር ተመልሳ መጣች።

«አየህ፣ ቆሌ የለም።
የሞቀው ይቀላል፣ ይወጣል ወደ ላይ፤
የበረደው ከብዶ ይወርዳል በተራው፤
ክፍተት በታየበት ጎረቤት ይሞላል።
ነፋስ የምትሉት ከዚህ የተለየ ነገር መስሏችሁ ነው?
ምድርም ሰፊ ክፍል ናት፤ ማሞቂያዋ ሩቅ፣
ከወገቧ ዙሪያ፣ ፀሐይ የምታነደው።
እኛ መስኮቱ ነን።»

ተከትዬው ወጣሁ፤ ማለዳ ነው አለኝ።
በታኅሣሥ እዚህ አገር ጎሕ የሚባል የለም፤
መብራቱ ያው መብራት፣ ሌሊቱም ያው ሌሊት።
ከወደቡ ድንጋይ ጫፍ ላይ ተንበርክኮ
በገመድ ያሰረውን ቴርሞሜትር ሰደደ።
አርባ አንድ ዓመት ሙሉ፣ አንድ ቀን ሳይዘል
(የሠርጉን ዕለት እንኳ፤
ቦርግኒ እስከ ዛሬ ታነሣበታለች)
ይህንኑ ውሃ ለክቶ በደብተር ጽፏል።

«አራት ነጥብ ሁለት።»
በረዶ ጢሙ ላይ፣ በረዶ ገመዱ ላይ፣
በረዶ የጀልባው አፍንጫ ላይ፤
ባሕሩ ግን ጥቁር፣ እንደ ዘይት ልስልስ፣
እንፋሎት እየተፋ፣
በዓለም አናት ላይ አልረጋም ብሏል።

«ሙቀቱስ ከየት ነው?»
በጓንቱ ወደ ደቡብ ምዕራብ ጠቆመኝ።
ከሐሩሩ ባሕር፣ ነፋስ እየገፋው፣
የምድር መሽከርከር ወደ ቀኝ ሲያጥፈው፣
የአየርላንድን ደረት፣ የስኮትላንድን ትከሻ ዳብሶ፣
ለባለ በጉም፣ ለባለ መረቡም፣
ስም ሳይጠይቅ ሙቀቱን ሲመነዝር፣
መጥቶ፣ መጥቶ፣
ከእኛ ወዲያ ኪሱ ባዶ ይሆናል።

ጨው ብቻ ይቀረዋል።
ጨው ለራሱ ሲል ይጣፍጥ ሲባል ነው ያደግሁት፤
የዚህ ባሕር ጨው ግን ሥራው ሌላ ነው፤
ከብርዱ ጋር ሆኖ ውሃውን ያከብዳል።
የከበደው ውሃም፣
ቀስ ብሎ፣
ያለ አንዳች ጩኸት፣
ከጨለማው በታች ወዳለው ጨለማ ይወርዳል።

ሰጠ፣ ሰጠ፣ ሰጠ፤ ሰጠመ።
(በእኔ ቋንቋ በሁለቱ መካከል አንዲት ፊደል ናት፤
ለኦድቫር ላስረዳው ሞክሬ አቃተኝ።)
መስጠሙም መጥፋት አይደለም፤
በባሕሩ ወለል፣ በሸለቆው ስንጥቅ
ወደ መጣበት ደቡብ ያዘግማል፤
ፀሐይ ዳግም የምታየው ምናልባት ከሺህ ዓመት በኋላ።

በየካቲት ኦድቫርን ሆስፒታል አስተኙት።
እግሩ አብጧል። «የደም ዝውውር» አሉ ሐኪሞቹ፤
ስለ ባሕሩም ሊቃውንት የሚያነሡት ይህንኑ ቃል ነው፣
ዝውውሩ ይደክም ይሆን እያሉ።
ከዓሣ ፋብሪካ የሌሊት ፈረቃ ስወጣ
ስልኬ ጮኸ፦ «ለካህ?»

ለካሁ። ጣቶቼ ላይ የዓሣ ቅርፊት እንደተለጠፈ
ገመዱን ሰደድኩ፣ እስክመዝዘው ድረስ መቶ ቆጠርኩ።
«ሦስት ነጥብ ስድስት» አልኩት።
ዝም አለ።
«ኦድቫር፣ ቢደክምስ?»
የትኛውን እንደጠየቅሁት አላውቅም፤
እሱም አልጠየቀኝም።
«እንጃ» አለ። «ቁጥሩን ጻፍ።»

ከእሱ ጽሕፈት በታች፣ በተንጋደደ እጄ፣ ጻፍኩ።
ማታ መብራት ሳጠፋ
መጋረጃው አበጠ።
«እንደምን አመሸህ» አልኩት።