ሦስት አልጋ

መኪናው ነጭ ነበር፤ ጭቃ ለብሶ ቡላ መስሎ ቆመ፣
ሃልቮር ቅጹን ይዞ ወርዶ፣ ፍርስራሹን ዞሮ ገመገመ።
እኔ አስተርጓሚው ነኝ፤ የቀን ሠራተኛ፣
የሰው ቃል ስጭን፣ የሰው ቃል ሳወርድ ውዬ፣
ሲመሽ አበል ፈርሜ የምተኛ።

ከሳና ወንዝ ማዶ፣ ዶኒ ያሰን ይሉታል ያንን መንደር፤
ጣሪያ የሌለው ቤት፣ መዝጊያ የሌለው ደጃፍ፣ በቀይ ቀለም የተጻፈ ቁጥር።
ዙምራ ማድቤቷ ውስጥ ቆማለች፤ ወለሉን ሰንጥቆ
የፕሪም ዛፍ በቅሏል፣ ስድስት ዓመት አድጎ፣ ከቁመቷ ልቆ።

የለጋሾች ሕግ አጭር ነው፤
ሩቅ አገር ጸድቋል፣ ምንጣፍ በለበሰ፣ በሞቀ አዳራሽ፤
አንድ ክፍል፣ አንድ መስኮት፣ ሃያ ጆንያ ሲሚንቶ ለአንድ ተመላሽ።
ተመላሽ።
(እንደ ብድር። ጎረቤት እንደተዋሰው ድስት።)

«ስንት ናችሁ?» አለ ሃልቮር፣ ብዕሩን አዘጋጅቶ፤
«ስንት ናችሁ?» አልኳት፣ ድምፄ ከድምፁ ጎን ተጠግቶ።
መዳፏን ከፈተች፤ አንድ አንድ እያለች ጣቷን አጠፈች፣
«እኔ። ሴናሂድ። አልሚር።»
ሦስት ላይ ስትደርስ እጇን ጨበጠች።
«ልጆቹስ የት አሉ?»
ወደ ወንዙ አየች።

«ሰው ነድቶ ወሰዳቸው፤ ወንዙን አትውቀሱት፣ ወንዝ ምን አደረገ?
ክፍላቸው ይሠራ። የሞተ ሰው ቤት አያሻውም ብሎ ማን ደነገገ?»

ይህን ነው ያለችው። እኔ የተረጎምኩት፣ «መንገድ ላይ ናቸው»፤
ሃልቮር እሷን አየ፣ እኔን አየ፣ ወንዙን አየ፤
ብዙ ቆየ።
ከዚያ «ሦስት» ብሎ ጻፋቸው።

ሲሚንቶው መጣ፣ ጡቡ መጣ፣ መስኮቱ መጣ ከነመስታወቱ፤
ከበሩ በላይ ሰሌዳ ተመታ፣
አሥራ አንድ ባንዲራ ተሰልፎ በየዓይነቱ።
ፕሪሙን ቆረጡት። ጉቶውን ለመናች፤ መቀመጫ ሆነ፤
ሰሌዳውን በእርጥብ ጨርቅ ታብሰዋለች፣ አንዱም ባንዲራ አልደበዘዘ፣ አንዱም አልጠየመ።
«የሰው ስም ነው» አለችኝ፤ «አቧራ አይመታውም።»

መጋቢት ላይ ደብዳቤ፤ ተቆጣጣሪ ይመጣል ሐሙስ ጠዋት፤
ባዶ አልጋ ከተገኘ፣ መስኮቱ ይነቀላል፣ ቤቱም ይገባል ከክስ መዝገብ ውስጥ ካሉት።
አነበብኩላት። ሰማች። ጉቶዋ ላይ ተቀመጠች።
ጣቷን አላጠፈች።

ከአጥሩ ማዶ ስታኖይካ አለች፤ ስድስት ዓመት ሙሉ ሰላምታ የለም።
(ባሏ ያን ቀን የት ነበረ? እሱን አትጠይቁኝ፤ አልተረጉምም።)

ማን እንደነገራት እንጃ፤ ሐሙስ ጎህ ሳይቀድ ገና፣
በረዶው ላይ ሦስት ሰው ያለፈበት ፋና፤
ሁለት ልጆቿን በሌሊት ልብሳቸው፣
ትራስ አሳቅፋቸው፣
በሩን ሳታንኳኳ መጣችና

አንድ ቃል አልወጣትም። ዙምራ ብርድ ልብሱን ገለጠች፤
ልጆቹ ገቡ።
እርጥብ ጫማቸውን ከምድጃው ጥግ ደረደረች።

ተቆጣጣሪዋ ወጣት ናት፤ አፍንጫዋ በብርድ የቀላ፤
ራስ ቆጠረች፤ አንድ፣ ሁለት፣ ሦስተኛዋ ዙምራ ናት፤ ቅጹ ሞላ።
«ስማቸውስ?» አለች፣ እንደ ዋዛ፤
አፌን ከፈትኩ፤ ቃል አጣሁ፤ ምላሴ እንደ ጡብ ደነዘዘ።
ዙምራ ቀደመችኝ፦
«ሴናሂድ።
አልሚር።»

ታናሹ፣ ዓይኑን ሳይገልጥ፣ ከብርድ ልብሱ ሥር፣
«አቤት» አለ።
ከበሩ ኋላ የስታኖይካ ትንፋሽ ሲቋረጥ ሰማሁ፤
መልሶም ቀጠለ።

የቀን አበሌን ፈረምኩ። መኪናው ተነሣ፣ በረዶው እየቀለጠ፣
ስታኖይካ ልጆቿን ይዛ ስትሻገር አየሁ፣ አጥሩ በተናደበት፣ እግሯ እየሰመጠ።
ትራሳቸውን ተሸክማለች፤
አንዱን ብቻ።
ሌላው ዙምራ ዘንድ ቀረ፣ ይኸው እስከ ዛሬም፤
አልጠየቀችም፣ አልላከችም፤
ተመላሽ አይደለም።