ንፋስ በየት ይለፍ?

በቆርቆሮ ቁራጭ በቀለም ጽፌ፣
«ዛፍ ይገረዛል» ብዬ በሬ ላይ ለጥፌ፣
የቆቦ ጎረምሳ ሳቁን መች ቻለና፦
«ስምንት ቀን ሞላው ወይ? ያለቅሳል ወይ ገና?»

ይሳቁ።
መጋዝና ገመድ፣ መሰላሌን ይዤ፣
ከባንኩ ግቢ እስከ ጤና ጣቢያ ተጉዤ፣
ሳልቆርጥ እዞራለሁ፣ ግንዱን በእጄ እያየሁ፣
«ንፋስ በየት ይለፍ?» እያልኩ እጠይቃለሁ።

ሰኔ ነው፤ ዝናቡ እንደልማዱ ዘግይቶ፣
ከዞብል ማዶ ንፋስ አቧራ ጎትቶ፣
ወይዘሮ ጥሩወርቅ አስጠሩኝ በጥድፊያ
ከሆቴሉ ጓሮ፣ ከመኪና ማቆሚያ።
አንድ ኒም ቆሟል፤ ሌሊት ጣራ ይመታል፣
አልጋ እንዳጣ እንግዳ «ክፈቱልኝ» ይላል።
«አናቱን በለው!» አሉኝ፣ እጃቸው ወደ ላይ፣
«ወይ ከሥሩ ጣለው፣ ዳግመኛ እንዳላይ!
የሲኖትራክ ሹፌር፣ ደንበኛዬ ሸሸ፤
ጥላ ብሎ አቁሞ ኮፈኑ ተበላሸ።»

ጎንበስ ብዬ አየሁት።
ሲሚንቶ ነው ዙሪያው፣ እስከ አንገቱ ድረስ፣
አንዲት ጠብታ ውሃ ወደ ሥር እንዳይደርስ።
የልብስ ማስጫ ሽቦ ወገቡን አንቆታል፣
ልጡ ሽቦውን ውጦ ከላዩ አብጦበታል።
ከፍ ሲል ደግሞ ጉቶ፣ የድሮ ገጀራ፤
ውስጡ ጉንዳን አለ፣ ቤቱን የሚሠራ።

«ይህን ማን ቆረጠው?»
«ማን ያስታውሰዋል! አንድ ከሲታ ልጅ፣
ሰባት ዓመት ሆነው፤ ገጀራ እንጂ የለው እጅ፣
በመቶ ብር ጨርሶ እየዘፈነ ሄደ።»
ጉሮሮዬ ደረቀ፣ ምራቄ ከበደ።

ያ ልጅ እኔ ነበርኩ።

ያን ጊዜ መስሎኝ ነበር ዛፍ እንደ ራስ ጠጉር፣
ሙልጭ አርገው ሲላጩት እንደገና የሚያምር።
ዛፍ ቁስሉ አይሽርም፤ በእንጨት ያጥረዋል፣
ታቅፎት ያድጋል፣ ታቅፎት ይኖራል።
ያውም ያቺን አንገት ካልነኩ፣ ያቺን እብጠት፣
ቅርንጫፍ ከግንዱ የሚወለድባት።
እኔ ግን እርሷኑ ነበር የገመጥኳት።

«አልጥለውም» አልኩ። «ለምን?» አሉ። «አብሽሩ፣
ንፋስ አይደለም ጠላቱ፤ ጠላቱስ ከሥሩ።
ሲሚንቶው ይፍረስ፣ ሽቦው ይፈታ፣
ላዩን አሳስቼ ለንፋስ ልስጠው ቦታ።
አናቱን ቢሉት በንዴት ያቆጠቁጣል፤
ጣራ የሚደበድብ ያ ለጋው ይሆናል።»
«እምቢ ብልስ?» አሉ፣ ዓይናቸውን አጥብበው።
«እንግዲያ ሌላ ይጥሩ፤ የኔን እጅስ ይብቃው።»

ሁለት ቀን ወጣሁ ወረድኩ፣ በገመድ ታስሬ፣
የደረቀውን ለቅሜ፣ የሚፋተገውን መርምሬ፣
ከባዱን ከታች በኩል ጥቂት በጥቼ ቀድሜ፣
ልጡ እንዳይገሸለጥ ከላይ ደግሜ።
ረዳቴ ሙሄ ከታች «ቀስ! ያዝኩት!» እያለ፣
ቆርቆሮ ሳይነካ ሁሉም ወርዶ ዋለ።
ሲሚንቶውን በዲጂኖ ፈልጠን አነሳን፣
ከግንዱ ፈቀቅ አርገን ገለባ ጎዘጎዝን፣
ጀሪካን በሚስማር በስተን፣ ማታ ማታ
ጠብ... ጠብ... እያለ ይጠጣ በዝግታ።

በአራተኛው ሌሊት ዞብል ንፋስ ላከ።
ቤቴ ተነዋወጠ፣ ልቤም አብሮ ታወከ።
ተኝቼ ቆጠርኩት ቁርጤን አንድ ባንድ፤
የትኛው በዝቶ ይሆን፣ የትኛው ይወድቅ ከግንድ?

ንጋት ላይ ስልክ ጮኸ። ወይዘሮ ጥሩወርቅ ናቸው።
«የፋርማሲው ጣራ ሄዷል፤ አጥሩ ነው የቆመው።
የኛው ግን...» ብለው ዝም። በስልኩ ሰማሁት፣
ንፋስ በቅጠል መሃል ሲሄድ፣ ሳይከለክሉት።

«ሂሳብህን ና ውሰድ።»
«ተከፍሎኛል» አልኩ።
«መቼ?»
«የዛሬ ሰባት ዓመት። መቶ ብር።»

ቆዩ።
«አንተ ከሲታ!» አሉኝ፤
ሳቅ ይሁን ቁጣ ሳልለይ
ኔትወርኩ ሄደ።