ሙላትና ጉድለት

ቺሌ ደቡብ ጫፍ ላይ፣ ዝናብ በማያባራበት፣
ቤቱ በእንጨት እግሩ ውኃ ውስጥ በቆመበት፣
ኤዱቪና አለች፤ ዛጎል ለቃሚ ናት፣
ጎህ ሳይቀድ ከባሕር ቀጠሮ ያላት።

ባሏ ስሙ ፊደል ነው፤ በነሱ አፍ ሲፈታ
ታማኝ ማለት ነው አሉ። እኔ ግን ላንድ አፍታ
ሳቄ አመለጠኝ፤ ያቺ ሴት ጧት ማታ
ፊደል ስትል ውላ፣ ፊደልን ረስታ።

በየሁለት ወሩ አንዲት ጀልባ ብቅ ትላለች፤
መረብም የላትም፣ መጽሐፍ ጭናለች።
ለአንድ ቤት ስድስት ነው። እሷም ስድስት ታስመዘግባለች፤
ሰባተኛውን ከሹራቧ ሥር፣ እንደ እርጉዝ፣ ታቅፋለች።
ባለጀልባው ያያል፤ አይቶ ግን ያልፋል፤
ለሷ ሲሆን ጊዜ ቆጠራው ይጠፋል።

ከዚያማ የታወቀ ነው፦
ድንቹ ከሰል ይሆናል፤ ምድጃው ይጠፋል፤
የፊደል ካልሲ ዛሬ ይሰፋል፣ ነገ ይሰፋል
ሲባል፣ ቀዳዳው ይሰፋል።
"እማ፣ ራትስ?" ይላል አርቴሚዮ። "አንድ ገጽ" ትለዋለች።
አንድ ገጽ በዚያ ቤት አርባ ማለት ነች፤
ልጁ ሒሳብ ሲወድቅ መምህርቷ ግራ ተጋባች።

ፊደልስ? አይቆጣም። ፊደል ፊደል አልቆጠረም፤
የሚያነበው ውኃ ነው፦ የአረፋውን ቀለም፣
ጨረቃ ስትሰወር ስንት ክንድ እንደሚጎድል፣
የቱ ደመና እንደሚፎክር፣ የቱ እንደሚገድል።

እና አንድ ሌሊት፣ ጨረቃ የሌለበት፣
የዓመቱ ትልቁ የባሕር ጉድለት፣
አሸዋው ራቁቱን ወጣ እስከ ሩቅ ዓለት።
መንደሩ ፋኖስ ይዞ ግልብጥ ብሎ ወረደ፤
መቆፈሪያ ተፋጨ፤ ቅርጫት ሁሉ ከበደ።
የዚያ ሌሊት ዛጎል ዱቄት ነው፤ ማገዶ ነው፤
የአርቴሚዮ የክረምት ቦት ጫማ ነው።
ኤዱቪናም ወረደች። ቅርጫቷን ደፍታ
ተቀመጠችበት፣ ባትሪዋን አብርታ፤
"አንድ ገጽ።"

በመጽሐፉ ውስጥ በረሃ ነበረ።
አንድ ነጋዴ፣ ግመሉ ሞቶበት፣ በጥም ከረረ፤
ምላሱ አበጠ፤ በእጁ አሸዋ ጫረ፤
የኤዱቪና ጉሮሮ አብሮት ደረቀ።
ጫረ፤ ጫረ፤ ቆፈረ፤ ጉድጓዱ ጠለቀ፤
አገኘ! ሊጠጣ ጎንበስ አለ፤ ከንፈሩ ደረሰ፤
ያኔ ነው ቁርጭምጭሚቷ የራሰ።

ባሕሩ ሞልቷል። የጎረቤት ቅርጫት ሞልቷል።
ሰዉ ወደ ቤቱ ወጥቷል።
ጎደሎ አንድ እሷ ናት።

ፊደል በሩ ላይ ቆሞ ጠበቃት።
ባዶውን ቅርጫት አየ፤ እርጥብ ቀሚሷን አየ፤
ዝም አለ። ቆየ።
"ሰውየውስ?" አላት፤ "ውኃ አገኘ?"
(ሌሊት ስትቃዥ ሰምቶ ነው ታሪኩን ያገኘ።)
ቢሰድባት በተሻላት። ያኔ ነው ያለቀሰችው።

"ሁለተኛ!" ብላ ማለች። መሐላዋ አራት ቀን ቆየ።
በአምስተኛው ቀን ልጇ የጨው ከረጢት ስታነብ አየ፣
የዘይት ቆርቆሮ፣ የሳል መድኃኒት መመሪያ፣
የአምና ጋዜጣ፣ የሳሙና መጠቅለያ።

ስለዚህ ፊደል ራሱ እልባት አበጀላት፦
የጥድ ስንጥር ጠርቦ፣ በቢላ ጥርስ አወጣለት፤
እያንዳንዱ ጥርስ ባሕሩ የሚጎድልበት ሰዓት።
ካቆመችበት ገጽ መሐል ታጋድመዋለች፤
አንዳንዴ ጥርሱን ዳብሳ ብድግ ትላለች፤
አንዳንዴ... እንጃ። ድንቹ አሁንም ይከስላል።
ማታ ግን ጮክ ብላ ስታነብ፣ ፊደል መረቡን ይጥላል፦
"ይኼ ጀግናሽ ቂል ነው! ነፋሱን አያይም?" ይላል።

ጀልባዋ ስትመለስ ሰባቱንም መለሰች።
ስንጥሩ ከአንዱ ወደቀ። "ይኼስ ምንድነው?" ሲላት፣
"የፊደል" አለች።
ስድስት መርጣ ወረደች። ዛሬ ሹራቧ ሥር ምንም የለ፤
ባለጀልባው ተገርሞ ጣቱን ደጋግሞ ቆጠረ።
ከኋላዋ አርቴሚዮ፣ ውኃ በሚያስገባው አሮጌ ጫማ፣
ሆዱን በሁለት እጁ አቅፎ
ወደ መሬት ዘለለ።