በጆሮ የሚበስል

ነሐሴ ማለቂያ፣ ከገበያው ደጃፉ፣
የሽቦው በርሜል ሞልቶ ካፍ እስከ ገደፉ፣
ከሃች የመጣ ቃሪያ እሳት ላይ ሲሽከረከር፣
ልጣጩ ሲንጣጣ፣ ሲጠቁር፣ ሲኮማተር፣
የሶኮሮ መንገደኛ አፍንጫውን አቅንቶ
መኪናውን ያቆማል፣ ጉዳዩን ረስቶ።

ዴልፊና ከጎኔ ቆማ ምንም አልሸተታት፤
ሽታ የሚባል ነገር ከራቃት ይኸው ሁለት ክረምት።
በሽታው ሲለቃት፣ ትኩሳቱ ሲበርድ፣
አፍንጫዋን ይዞ ሄደ፣ እንደ ሌባ ዘመድ።
ጨውና ስኳር ትለያለች።
ከዚያ ወዲያ ያለው
እንደ ርጥብ ካርቶን ነው፣
እንደ ርጥብ ካርቶን ነው የምትበላው ሁሉ።

ሠላሳ አንድ ዓመት ሙሉ፣ ከቶሪቢዮ ቤት፣
ከባቡር ሐዲዱ ማዶ፣ ከጠባቧ ማጀት፣
በርገር ስትጠብስ ኖረች።
የሽንኩርት ገበሬ፣ የጭነት መኪና ሾፌር፣
ከቴሌስኮፑ ሜዳ የሚመጣው ምሁር፣
ባንድ ጠረጴዛ ዙሪያ በላብ ተጠምቀው፣
አፍንጫቸው እየፈሰሰ፣ ዓይናቸውን ጠርገው
“ድገሚን” ይሏታል።
ቶሪቢዮ ሞተ፤ ቤቱ ጎማ መጠገኛ ሆነ፤
የመጥበሻዋ ብረት በኪሎ ተመዘነ።

የዚያን እሑድ ማታ “እቤት እንሥራው” አለችኝ።
“ማን ይቀምሰዋል?” አልኳት።
“አንተ ምላስ ሁነኝ፤ እኔ ጆሮ አለኝ።”

ከረጢቱን ፈታሁ፣ የቃሪያውን ልጣጭ ገፈፍኩ፣
ፍሬውን አራገፍኩ፣
በዚያው እጄ ዓይኔን አሸሁ። ምን ዓይነት ሞኝ ነኝ!
ሣቀች፣ ሣቀች፣ ከዚያ በወተት አጠበችኝ።

የመጀመሪያው ከሰለ። ሁለተኛው ደረቀ።
ሦስተኛው ስገለብጠው ለሁለት ተላቀቀ።
የጭስ ደወሉ ሲጮህ በመጥረጊያ እንጨት መታሁት፤
አራተኛውን በሳህን ለውሻው ሰጠሁት፤
አሽትቶ ተወው።

“ብረቱ አልጋለም” አለች፣ ከወንበሯ ሳትነሣ፤
“ሥጋው ሲያርፍ ያለቅሳል። መቆጣት ነበረበት።”

ጠበቅን።
አምስተኛውን ጣልኩት።
ቸስ!
“ዝም በል” አለችኝ፤ እኔ ግን አልተናገርኩም።
አንገቷን ዘንበል አደረገች፣
ከግድግዳ ማዶ የጎረቤት ጠብ እንደሚያዳምጥ ሰው።
ቁጣው ቀስ በቀስ ወደ ማጉረምረም ወረደ።
“ገልብጠው።” ገለበጥኩት።
አይቡን ሳነሣ ሰማችኝ፣ የወረቀቱን ድምፅ፦
“ቃሪያውን መጀመሪያ! አይቡ ብርድ ልብሱ ነው፤
ማን ነው ከብርድ ልብስ በላይ የሚተኛ?”
ቃሪያውን ዘረጋሁ፣ አይቡን አለበስኩት፣
አንዲት የስብ ጠብታ ብረቱ ላይ ወርዳ ጠሽ ስትል
“እሱ ነው” አለች፣ “በቃ፣ አውጣው፣ አሁን አውጣው!”
እጇን ጭኗ ላይ ጠረገች፣ ሽርጥ የለበሰች ይመስል።

ጎረስኩ።
ቃሪያው ሲገባ ጣፋጭ ነው፤ ጉሮሮ ጋ ሲደርስ
ስሙን ይነግርሃል።
“እህሳ?” አለች። “እንደ ዱሮው ነው?”

ምን ልበላት?
እሷ ማታ ስትጠብስ ልጆች የማስተኛው እኔ፤
ጎህ ሳይቀድ ሐዲድ ልበይድ የምነሣው እኔ።
ከቶሪቢዮ ወንበር አንድም ቀን አልተቀመጥኩ።
እኔ የማውቀው በርገር
እኩለ ሌሊት ላይ፣ በኮቷ ኪስ፣ በፎይል ተጠቅልሎ፣
ዳቦው ርሶ፣ አይቡ እንደ ሻማ ረግቶ፣
ልጆቹ እንዳይነቁ መብራት ሳናበራ
ቆሜ የምበላውን ነው።

“ትኩስ ነው” አልኳት።
“ትኩስማ ነው! የጠየቅኩህ ጣዕሙን ነው።”
“ትኩሱን አላውቀውም፣ ዴልፊና።”

ዝም አለች።
ሰዓቱ ሲቆጥር ሰማሁ፤ እሷም ሰምታዋለች።
ከዚያ ከእጄ ላይ፣ ከነንክሻው ወሰደችው፣
መሳቢያውን ከፍታ ፎይሉን ጨረር አድርጋ ቀደደች፣
ጠቀለለችው፣ ጫፉን ሁለቴ አጠፈችው፣
መስኮቱ ላይ፣ ከውጪው ብርድ አጠገብ አኖረችው።

“እኩለ ሌሊት ላይ
ትነግረኛለህ” አለች።