የከሰል ጋሪ

«ተውሰን ነው» አልን፤ ማንም አልፈቀደም።
የሸምሱ አጎት ጋሪ ከከሰል በቀር ሰው ተሸክሞ አያውቅም።
ሦስቱ ጎማ ደህና ነው፣ አራተኛው ቆልማማ፤
ከፍራንኮ ሲወጣ ጎህ ሳይቀድ በጨለማ
ያቃስት ነበረ፤
የሰፈር ውሻ ሁሉ ነቅቶ አብሮት አንጎራጎረ።

ሌንጂሳ ከላይ ነው፣ ማዳበሪያ አንጥፎ፣
እግሩን እንደ ሰው ዕቃ በሁለት እጁ አቅፎ።
ገና በአራት ዓመቱ፣ ወባ ነው ተብሎ መርፌ ተወጋና
ቀኝ እግሩ ያን ለት ተኛ፤ አልነቃም እንደገና።
ከወንጂ መኪና ላይ እንደ ወደቀ አገዳ
ፀሐይ መጦት ደርቆ፣ በገዛ ገላው ላይ ባዳ።

እውነቱን ልናገር፣ ዛሬስ ማን ሊቆጣኝ፤
ርኅራኄ አልነበረም ያን ሌሊት ያስወጣኝ።
የገንደ ሃራ ልጆች አምስት ለባዶ ሸኝተውን
የቅዳሜው መልስ ግጥሚያ ነበር የጨነቀን።
ሌንጂሳ ሁሌ በረኛ ነው፤ በሁለት ድንጋይ መሀል ቁጭ ይላል፣
ኳስ ከእግር ሳትነሣ መሄጃዋን ያውቃል።
«ይሄ ዓይን እግር ቢያገኝ!» አለ ዘርጋው በቁጭት፤
ከዚያ ወዲያ እንቅልፍ የት?

ወሬውን ኢፍቱ ነች ከገበያ ያመጣች፦
«አንዲት ሴት ነበረች፣ በቃሬዛ የወጣች፣
በቦኩ እንፋሎት ሰባት ቀን ታጠነች፣
በስምንተኛው ቃሬዛዋን ራሷ ተሸክማ ወረደች።»
ሰባት ቀን የለንም።
«እሱ ልጅ ነው» አለ ዘርጋው፣ «ሙሉው አያስፈልገውም፤
አንድ ቀን ይበቃል።»
በሒሳብ አንደኛ ነው፤ ማን ይከራከረዋል?

አቀበቱ። አቧራው። ጎማው ድንጋይ ሲነክስ፣
ሁለታችን ከፊት፣ ሁለታችን ከኋላ፣ ሸሚዛችን ከሰል ሲለብስ፣
ሌንጂሳ ዝም ብሎ ወደ ኋላ ያያል፤
ከተማው ከጀርባችን ቀስ እያለ ይሰፋል።

ቦኩ ላይ ምድር በስንጥቋ ትተነፍሳለች።
አንዲት አሮጊት ተከናንባ ጉልበቷን ለጉም ሰጥታለች።
ጠባቂው ሽማግሌ በዱላቸው ጋረዱን፣
«ለገቢ አሥር ብር» ብለው አስደነገጡን።
አምስት ብር ነው ያለን። ኢፍቱ ደፈረችና
«አንድ እግሩ ነው የታመመ፤ ሌላኛው አለ በጤና፤
ግማሽ ይክፈል» አለች።
ሳቁ ሽማግሌው፣ ሳቁ እስኪያስላቸው፤
ዱላውን አነሡልን፤ ብራችንን አልነካም እጃቸው።

ውስጡ ጨለማ ነው፤ እርጥብ ሸክላ ይሸታል።
ሸምሱ «ቢስሚላህ» ይላል፣ ዘርጋው ሚካኤልን ይጠራል፣
ኢፍቱ ለዋቃ ታንሾካሽካለች፤
የኔ ነፍስ፣ ይቅር ይበላት፣ ጎል ትቆጥራለች።

ስናወጣው ፊቱ እንደ በርበሬ ቀልቷል።
«ተነሣ» አልነው። እጃችንን ለቀቅን። ቆሟል!
አንድ።
ሁለት።
ሦስት ሳንል ጉልበቱ ከዳው፣
አቧራው ላይ ዘጭ አለ፤ ዘርጋውን እንባ ቀደመው።

ሌንጂሳ አላለቀሰም። የሰማንም አይመስል።
በሩቁ፣ ከከተማው ወዲያ፣ ከኮረብታው በላይ
የነፋስ ማማዎቹ ነጭ ክንፋቸውን ያዞራሉ።
ጣቱ አየር ላይ ነው፤ ከንፈሮቹ ይቆጥራሉ።
«ከኛ ግቢ ሲታይ፣ ከጣሪያው በላይ አንዲት ክንፍ ብቻ ናት፣
ብቅ ብላ ጥልቅ የምትል። የምን እንደሆነች ስንት ዓመት
ሳስብ ኖርኩ» አለን። «ለዚህ ነው እሺ ያልኳችሁ።
ስለ እግሬማ እኔን መች ጠየቃችሁ?»

መልስ አልነበረንም። ቁልቁለቱ አፍ ላይ ስንደርስ
«ልቀቁኝ» አለ።
«አብደሃል?»
«ልቀቁኝ!»
ለቀቅነው።
የጋሪውን ዘንግ ጨብጦ፣ እየጮኸ፣ የከሰል ትቢያ እየረጨ በረረ፤
አንድ የፍየል መንጋ መሀል ለመሀል ተተረተረ።
አራት ጤነኛ ሆነን ከኋላው ሮጥን።
አልደረስንበትም።

ጎማው ተሰበረ። የቀረውን የሸምሱ አጎት ቀበቶ ይናገር።
ቅዳሜ ሦስት ለባዶ ተሸነፍን፤ ከአምስት ይሻላል፣ መቼም።
ግጥሚያው ሳይጀመር ግን፣ ማንም አላየንም ብለን፣
የጎሉን ድንጋዮች አንድ እርምጃ አቀራረብናቸው።
ሌንጂሳ እየተጎተተ መጣና
አንድ በአንድ
መልሶ ገፋቸው።