ስንጥር

ቅዳሜ ነበረ፣ ከቀትር በፊት፣
ከዊንዘር ተነስቼ ወደ ዲትሮይት።
የኋላ ወንበሬን አጥፌ ዘርግቼ፣
ባለ ሦስት ፎቅ ኬክ ጫንኩ፣ ትንፋሼን ገትቼ።
ሙሽራዋ ሶስና፣ የአልጋነሽ ልጅ ናት፣
ልክ በዘጠኝ ሰዓት ነው ኬኩ የሚቆረስላት።
አርባ ሁለት እንቁላል፣ የአራት ሌሊት እንቅልፍ፣
ከስኳር የፈተልኩት የጽጌረዳ ቅርንጫፍ።

ድልድዩ ላይ ወጣን፤ ወጣን ማለት ቆምን፣
በጭነት መኪና ግራ ቀኝ ታጠርን።
ወንዙ ከሥራችን ይነጉዳል ቀሎ፣
የሚያስቆመው የለም "ምን ይዘሃል?" ብሎ።

ከጎኔ ያለችው መስኮቷን ከፍታ፣
ሰዓቷን አሳየችኝ፣ በጣቷ አንኳኩታ።
ፊሊስ ነው ስሟ፤ ነርስ ናት፣ ማዶ ሆስፒታል፣
"ተረኛዋ ደክማለች፣ በሽተኛው ይጠብቃል፤
አሥራ ዘጠኝ ዓመት ስመላለስ በዚህ በር
ዛሬም 'ማነሽ?' እባላለሁ፣ እንደ እንግዳ ፍጡር።"
ከፊቴ ያለው ሰው፣ ሽማግሌ ነገር፣
ሽንቱ ወጥሮት ኖሮ መሪ ሊሰብር ነበር።
የእኔ ጭንቀት ሌላ፤ ፀሐይዋ አናት ስትወጣ፣
የላይኛው ፎቅ ክሬም ላብ ማውጣት አመጣ።

ተራዬ ደረሰ።
ሃርግሮቭ ይላል፣ ደረቱ ላይ ስሙ፤
ዓይኑ ደም ለብሷል፣ ሌሊቱን ያደረ ይመስላል በቁሙ።
"ውስጡ ምን አለበት?"
"ዱቄት፣ እንቁላል፣ ስኳር፣ ቫኒላ።"
"ሌላስ?"
"ድካም" ልለው ነበር። ተውኩት። "የለም ሌላ።"

ወደ ጥግ ወሰዱኝ። ጓንት አጠለቀና፣
ቀጭን የብረት ዘንግ ከሣጥን መዘዘና፣
ከላይ እስከ ታች ሰደደው፣ በሙሽሮቹ መሀል፣ ቀና።

ሳቄ መጣ።
በዚያ ሁሉ ንዴት መሀል ሳቄ መጣ።
"ጠርጥር፣
ከገንፎም መሀል አለ ስንጥር"
ስንል በአፋችን ነው፤ ማንም ገንፎውን አይበረብር።
ይሄ ሰው ግን ተረቱን በዕድሜው ሳይሰማ
ይኖርበታል፣ በደመወዝ፣ በቀበቶ፣ በጫማ።

"ምን ያስቅሻል?" አለኝ።
"ቀዳዳው" አልኩት። "በምን ልድፈነው?"
ዘንጉን በሶፍት ጠረገ። ዝም አለ።
ከዚያ፣ ለእኔ ይሁን ለዘንጉ እንጃ፣
"ባለፈው መኸር" አለ፣ "አንዲት የጨርቅ ጥንቸል፣
ጆሮዋ የረገበ፣ ከሕፃን ወንበር ሥር አገኘሁ።
ሕፃኑ ሲያለቅስ ጊዜ መልሼ ሰጠሁ።
ሆዷ ውስጥ የነበረው ዱቄት፣ የኬክ አልነበረም።
በሳምንቱ ነገሩኝ። ማን ቤት እንደገባ ግን አልነገሩኝም።"

ምን ይባላል?
"ያልጠረጠረ ተመነጠረ"፤ ይሄም የእኛው ነው ተረት።
ግን ፊሊስ ትዝ አለችኝ፣ ማዶ የሚጠብቃት ሰው ያለባት፣
ያ ሽማግሌም፣ በመሪው ላይ ጎብጦ።
ላንዲት ጥንቸል ሆድ ተብሎ ስንት ሰው ሽንቱን ይያዝ?
ስንት ነርስ ትዘግይ? ስንት ክሬም ይቅለጥ፣ ስንት ሠርግ ይፍዘዝ?
ደግሞስ ያ ዱቄት የገባበት ቤት፣ እናቱ ብትጠይቀኝ፣
"አንድ ሰዓት መቆም ከበደሽ?" ብትለኝ፣ ምን መልስ አለኝ?

የጨው ልክ አውቃለሁ፣ በጣቴ ጫፍ፣ ያለ ሚዛን።
የዚህን ልክ ግን አላውቅም።
ሃርግሮቭም አያውቀው፤ ዓይኑ ውስጥ አየሁት ያን።

"ሂጂ" አለኝ። ይቅርታም ምስጋናም የለ፤
ብቻ መከላከያውን ሲያነሳ "መልካም ሠርግ" አለ።

ዘጠኝ ተኩል ደረስኩ። አልጋነሽ ተቆጣች፣ ከዚያም ሳመችኝ።
ቀዳዳውን በክሬም ደፍኜ፣ አበባ ተከልኩበት፤
ሶስና ቢላዋዋን እዚያው ላይ አሳረፈችበት።
ተበላ። ተጨበጨበ። ማንም ነገሬ አላለ።
እኔ ግን ጥግ ይዤ፣ የድርሻዬን ቁራሽ
በሹካዬ ጫፍ ደጋግሜ ወጋሁ፣
ራሴ የጋገርኩት መሆኑን እያወቅሁ።